ጋብቻ እንደ መድኃኒት? ተክሊል፣ ድንግልናና የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ

በአብያተ ክርስቲያናታችን ስለ ግብረ ሰዶም የሚነሣው ክርክር ፊቱን ያዞረው ወደ ውጭ ነው። የስዊድን ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ2009 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይ ጾታ ጥምረትን በሚመለከት ባሳለፉት ውሳኔ ሳቢያ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ከሁለቱም ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። አስቀድሞ በ2001 ዓ.ም. የክርስትናና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ድርጊቱ በሕገ መንግሥት እንዲከለከል ጠይቀው ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ግን ቀድሞውኑ ይቀጣበታል። እንግዲህ አቋሙ ግልጽ ነው። መልስ ያጣው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚሁ ደብር ያደገ፣ የሚጾም፣ የሚያስቀድስ፣ ልቡ ግን ወደ ሴት የማያደላ ጎልማሳ ለንስሐ አባቱ ቢናዘዝ ምን ይባላል?

የተለመደው ምክር ሁለት ነው፦ ወደ እንጦጦ ወጥተህ ጠበል ተጠመቅ፤ ከዚያም አግባ። ስለ ጠበሉ እዚህ አልከራከርም። ሁለተኛው ምክር ግን ከራሷ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ይጋጫል። በሥርዓተ ተክሊል ሙሽሮቹ ቅብዐ ቅዱስ ይቀባሉ፣ አክሊል ይደፋሉ፣ ሥጋ ወደሙን አብረው ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ትዳሩ እንደ ተራ ውል የሚፈርስ አይደለም። ፍትሐ ነገሥትም ለጋብቻ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። እውነቱ የተደበቀባት ሙሽራ የሰጠችው ፈቃድ እንዴት ፈቃድ ይባላል? «ሲያገባ ይተወዋል» የሚለው ተስፋ የሚፈተነው በእርሷ ዕድሜ ነው። በዚህ ክርክር ስሟ እንኳ የማይነሣው እርሷ መሆኗ ያሳዝነኛል።

ታዲያ ሳያገባ ቢኖርስ? ያለ ትዳር መኖር በራሱ በትውፊታችን ነውር ሆኖ አያውቅም። እቴጌ ጣይቱ ከአራት ትዳር በኋላ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔዓለም ከምኒልክ ጋር ቆረቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም እስከ 1910 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በመበለትነት ኖሩ። መነኩሴም ይከበራል። ክብር የሚያጣው ሳይመንን በዓለም ብቻውን የሚኖረው ነው፤ «ቆሞ ቀር» ይባላል፣ ይጠረጠራል። ምንኩስና በሌለባቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ለአዋቂ ክርስቲያን የተከፈተው መንገድ ትዳር ብቻ ይመስላል።

በማቴዎስ 19 ጌታ ስለ መንግሥተ ሰማያት ራሳቸውን ጃንደረባ ስላደረጉ ሲናገር ገዳም ገና አልነበረም። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ብቻን መኖርን ስጦታ ይለዋል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ምእመን ብለን የምንኮራበት ባለሟልም ጃንደረባ ነበር፤ ፊልጶስ ሲያጠምቀው ስለ ትዳር አልጠየቀውም።

የምጠይቀው ትምህርቱ እንዲለወጥ አይደለም። ካህናትና ፓስተሮች የሚሠለጥኑባቸው ኮሌጆች ንጽሕናን ጠብቆ በዓለም የመኖርን መንገድ ያስተምሩ፤ የንስሐ አባትም የተናዘዘለትን ልጅ ምሥጢር ይጠብቅ፣ አያባርረው፣ ለተክሊልም አያጣድፈው።