መንገድ የሁሉ ነው

በኢጣልያ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. «ሚሌ ሚልያ»፥ ማለት «ሺህ ማይል»፥ የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ተጀመረ። ነጂዎቹ ከብሬሻ ተነሥተው ሮማ ደርሰው ሲመለሱ የሚያልፉት ሕዝብ በሚመላለስበት ጎዳና ነበር። በ1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ በአማካይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ነድቶ አሸነፈ፤ ብዙዎችም አደነቁት። በ1957 ግን በጊዲዞሎ አጠገብ የአንድ መኪና ጎማ ፈነዳና ነጂውና ረዳቱ ከ9 ተመልካቾች ጋር ሞቱ፤ ከተመልካቾቹም 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። የፍጥነቱ ውድድር በዚሁ አበቃ። ከ1977 ወዲህ በዚያው ስም በጥንት መኪኖች በሚደረገው ጉዞ የሚሸለመው የቀደመ ሳይሆን የተወሰነለትን ሰዓት የጠበቀ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ መንዳት የሚያስደስተው ሁሉ ይህን ያስብ፤ ጎማ ሲፈነዳ ጉብዝና አያድንም፤ በመንገድ ዳር የቆመውም ሕፃን ውድድር አልገባም።