ልጆችን ይዞ ወደ ቅድስት ሀገር፦ ከጨፋ ሸለቆ ለሚነሡ ቤተሰቦች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጨፋን ሸለቆ አቋርጦ በከሚሴ ከተማ ያልፋል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረውን የእመቤታችንን በዓል ለማክበር፣ በታኅሣሥም ለልደት ወደ ላሊበላ የሚወጡ ብዙ ምእመናን የሚተላለፉት በዚሁ ነው። የሸለቆው ነዋሪ በብዛት ሙስሊም በመሆኑ ጎረቤት ለሐጅ ሲሸኝ ማየትም ለክርስቲያኑ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ተሳላሚን ማየት በለመደ ሕዝብ መካከል ያደገ ሕፃን «እኛስ ኢየሩሳሌም የምንሄደው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም።

ለአገልግሎት ወደ ከሚሴ በሄድንበት ጊዜ ጥያቄውን ያቀረበልን ግን አባት ነበር። ይህ ወንድማችን የሰባትና የሦስት ዓመት ልጆች አሉት፤ ለጀመረው ቤት ማስጨረሻ ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብም አለው። ሁለት ነገር ጠየቀን፦ ኢየሩሳሌምን መሳለም ግዴታችን ነውን? ልጆቹን ይዘን ብንሄድስ ይጠቅማቸዋልን? ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ መልሱን በጽሑፍ ማቅረብ ወደድን።

ተሳልሞ ግዴታ ነውን?

በእስልምና ሐጅ አቅም ላለው ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ የተደነገገ ግዴታ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግን ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አይደለም፤ ያልሄደም ሰው ጎደሎ ክርስቲያን አይባልም። በብሉይ ኪዳን የእስራኤል ወንዶች በዓመት ሦስት ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት እንዲታዩ ታዝዘው ነበር (ዘዳ. 16፥16)። ጌታችን ግን ለሳምራዊቷ ሴት በዚያ ተራራም ሆነ በኢየሩሳሌም ብቻ ያልተወሰነ አምልኮ እንደሚመጣ አስተምሯታል (ዮሐ. 4፥21-24)። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ራሱ ቅዱሳት መካናትን ካየ በኋላ በጻፈው መልእክት የቦታ ለውጥ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ አስጠንቅቋል።

ይህን ስንል የተሳልሞን በረከት ማቃለላችን አይደለም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ ተጠምቋል (ሐዋ. 8፥27-39)። አባቶቻችንም በግብፅ በረሃ በኩል በእግራቸው ተጉዘው፣ ብዙዎቹም በመንገድ ላይ እየወደቁ፣ በቅድስት ከተማ ርስት አቆይተውልናል። ነገር ግን በረከት ሌላ፣ ግዴታ ሌላ ነው። ለጉዞው ተብሎ የእርሻ በሬ የሚሸጥ፣ ብድር የሚገባ ወይም ጧሪ የሌላቸው ወላጆች የሚዘነጉ ከሆነ ጌታችን ስለ ቁርባን ሥርዓት የተናገረውን ተግሣጽ ማስታወስ ይገባል፤ ለእግዚአብሔር ሰጠሁ በማለት አባትና እናትን አለመርዳትን ነቅፏልና (ማር. 7፥9-13)።

በቅዱስ መጽሐፍ የምናያቸው ሁለቱ የቤተሰብ ጉዞዎች

ጌታችን በሕፃንነቱ ከእናቱ ከቅድስት ድንግል ማርያምና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ ተሰዷል (ማቴ. 2፥13-15)። የዚህ ስደት መታሰቢያ የሆኑ ቦታዎች እስከ ዛሬ ይጎበኛሉ፤ በአሮጌው ካይሮ የሚገኘው የቅዱስ ሰርግዮስ ቤተ ክርስቲያን፣ በመጠሪያ የሚገኘው የእመቤታችን ዛፍ፣ በአስዩጥ አውራጃም የደብረ ቁስቋም ገዳም። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱሱ ቤተሰብ በደብረ ቁስቋም ከስድስት ወር በላይ ተቀምጧል። በወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌቱን ሲሰማ፣ ኅዳር 6 ቀንም ቁስቋምን ሲያከብር ያደገ ልጅ እዚያ ሲደርስ አስረጂ ብዙም አያስፈልገውም። በእኛ አስተያየት ከኢየሩሳሌም ይልቅ ለሕፃናት የሚቀርበው ይህ ጉዞ ነው፤ ታሪኩ የሕፃን ታሪክ ነውና። አስጎብኚዎች ግን እምብዛም አያስቡትም።

ሁለተኛው ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የወጣበት ነው (ሉቃ. 2፥41-51)። እርሱ ጠፍቶ ሳይሆን በፈቃዱ በቤተ መቅደስ ቀረ፤ እመቤታችንና ዮሴፍ ግን ከዘመዶች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደው በሦስተኛው ቀን አገኙት። በጉዞ ማኅበር ውስጥ «ልጁ ከእነ እገሌ ጋር ነው» ብሎ መዘናጋት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ወንጌሉ ያሳየናል። ለእያንዳንዱ ሕፃን ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው በስም ይወሰን፤ የስልክ ቁጥርና የማረፊያው ስም የተጻፈበት ወረቀትም በልጁ ኪስ ይኑር።

ስለ ዕድሜ

ሕፃናት በአርባና በሰማንያ ቀን ተጠምተው ከዚያው ቀን ጀምሮ ሥጋ ወደሙን ስለሚቀበሉ «ሕፃን ምን ይገባዋል?» ማለት የቤተ ክርስቲያናችን አነጋገር አይደለም። ይሁን እንጂ የሦስት ዓመቱ ልጅ በከሚሴ አጥቢያው የሚቀበለው ሥጋና ደም በጎልጎታ ከሚቀበለው አያንስም። በዚያ የሚጨመርለት ድካም፣ ሙቀትና ግፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰባት ዓመት በልማዳችን ጾም የሚጀመርበት ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለ ልጅ የሰማውን ታሪክ ካየው ቦታ ጋር ማገናኘት ይችላል። ስለዚህ ትንሹን ከአያቱ ዘንድ ትቶ ትልቁን ይዞ መሄድ ጉድለት አይደለም።

ስለ ሰነድ

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የክርስትና የምስክር ወረቀት ለፓስፖርት አይሆንም፤ የሚጠየቀው በወሳኝ ኩነት የተመዘገበ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በሀገራችን ምዝገባው በሕግ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን በገጠር ያሉ ብዙ ልጆች ዛሬም አልተመዘገቡም። የልጁ የክርስትና ስም በአንዱ ሰነድ፣ የዓለም ስሙ በሌላው እንዳይጻፍ መጠንቀቅ ያሻል። ከወላጆች አንዱ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላው የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ፓስፖርቱም ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን።

ጉዞውን የሚያዘጋጀው አካል ማንነት ከሀገረ ስብከቱ ይጠየቅ። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይሰጥ። በተሳላሚ ስም ሄዶ መቅረትም ከኋላ የሚመጡትን እውነተኛ ተሳላሚዎች በር የሚዘጋ በደል ነው።

ከመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በሆነው ጦርነት በረራዎች ብዙ ጊዜ ተስተጓጉለዋል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ልጅ የያዘ ሰው የወቅቱን ሁኔታ ሳያረጋግጥ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ የሚመለስበትንም ውል ሳያነብ አይክፈል።

በቅዱሳት መካናት

ቤተ ልሔም። ከኢየሩሳሌም ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የልደት ቤተ ክርስቲያን መግቢያ «የትሕትና በር» ይባላል፤ ከፍታው ከአንድ ሜትር ከሃያ ብዙም ስለማይበልጥ ዐዋቂ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ሕፃን ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ልጆች ይህን ፈጽሞ አይረሱትም።

ዴር ሡልጣን። በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለው የቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ ላይ የሚገኝ ገዳማችን ነው። መነኰሳቱ በጣራው ላይ ባሉ ጠባብ ክፍሎች ይኖራሉ። በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደሶች በኩል በደረጃ ተወርዶ ወደ ጎልጎታ አደባባይ ይወጣል። በላይኛው ቤተ መቅደስ ንግሥተ ሳባ ንጉሥ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳየው ሥዕል የልጆችን ዓይን ይስባል። ይዞታው ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ለረጅም ዘመን ያከራከረ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት ቁልፉ በኢትዮጵያውያን እጅ የገባ፣ በክርክሩ ምክንያት ጥገና እንኳ በቀላሉ የማይፈቀድበት ስፍራ ነው። ልጆች «ወንድማማቾች ለምን ይጣላሉ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ታሪኩን ሳንደብቅ፣ ግን በግብፃውያን ክርስቲያኖች ላይ ጥላቻ ሳንዘራባቸው እንንገራቸው።

ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን መንገዱም የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ግቢው ጸጥ ያለ ስለሆነ ከአሮጌው ከተማ ግርግር በኋላ ሕፃናትን ማሳረፊያ ይሆናል።

በመንገድ ላይ ሳለን፣ በአርመናውያን ሰፈር ስናልፍ ለልጆች የምንነግረው አንድ ታሪክ አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በዚያ ገዳም የተጠለሉ አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆችን ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋቸዋል። «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት ሙዚቀኞች እነርሱ ናቸው።

ዮርዳኖስ። በትውፊት ጌታችን የተጠመቀበት ስፍራ በኢያሪኮ አጠገብ ነው፤ በሰሜን በገሊላ ባሕር መውጫ ያለው ለጎብኚዎች የተዘጋጀ ሌላ ቦታ ነው። የኢያሪኮው ስፍራ ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ በተቀበረ ፈንጂ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። የእኛን ጨምሮ የአብያተ ክርስቲያናቱ ይዞታዎች ከፈንጂ መጽዳት የጀመሩት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ልጆች ከተፈቀደው መንገድና ከአጥሩ ፈጽሞ አይውጡ።

ከዚህ የሚብስ ስሕተት ግን በውኃው ዳር ይፈጸማል። አንዳንድ ወላጆች «ልጄን በዮርዳኖስ አስጠመቅሁት» ይላሉ። በጸሎተ ሃይማኖታችን የምናምነው በአንዲት ጥምቀት ነው። በአጥቢያው በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ልጅ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ በዮርዳኖስ የሚደረገው ለበረከት መረጨትና መታጠብ ነው። ለልጁ «አሁን ተጠመቅህ» ማለት የቀድሞው ጥምቀቱ ያልበቃ እንዲመስለው ያደርጋል። ቃሉን ከመጓዝ በፊት ማረም ይገባል።

የአየሩ ጠባይም ይታሰብ። ኢያሪኮ ከባሕር ጠለል 250 ሜትር ያህል፣ ሙት ባሕርም ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የጨፋን ሙቀት የለመደ ልጅ እንኳ ይደክመዋል። የሙት ባሕር ጨው ዓይንን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ሕፃናት ፊታቸውን አይንከሩበት። በአንጻሩ በጥር ኢየሩሳሌም ብርድና ዝናብ ስላለ ለልደት የሚሄዱ የከሚሴ ልጆች ወፍራም ልብስ ይያዙ።

በቀዳም ሥዑር ብርሃን በሚወጣበት ሰዓት በቅዱስ መቃብር ያለው ግፊያ ለሕፃን አደገኛ ነው። ከወላጆች አንዱ ከልጆቹ ጋር ይቅር፤ ማታ በዴር ሡልጣን ግቢ በከበሮና በጧፍ የሚደረገውን የእኛን ሥርዓት አብረው ይሳተፉ። ከበዓላት ውጪ ባለ ጊዜ መሄድ ደግሞ ዋጋውም ግፊያውም ይቀንሳል።

ለወንድማችን የሰጠነው መልስ ይኸው ነበር። አስቀድሞ ትልቁን ልጅ ይዞ ወደ ግሸን እንዲወጣ መከርነው፤ ከከሚሴ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል የሚደረሰው መስቀለኛው አምባ የልጁንም የአባቱንም ጉልበት ይፈትናልና። እርሱም የቤቱን ጣራ አስጨርሶ ኢየሩሳሌምን ልጁ ዐሥር ዓመት እስኪሞላው ለማቆየት ወሰነ፤ ለመስከረም ግን ሁለቱ ለመውጣት እየተዘጋጁ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።