ቡና በጅሬን፤ ከንጉሥ እንግዳ እስከ ዛሬ ጎብኚ

ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከተማይቱንና በዙሪያዋ ያለውን ለምለም አገር ቁልቁል በሚያሳየው የጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ቆሞ ይታያል። ዳገቱን የወጣ ጎብኚ ከእንጨት የተሠራውን ባለ ፎቅ ቤት፣ ምሰሶውንና ሰገነቱን ተመልክቶ ሲያበቃ፣ የሚቀመጥበት ጥላና የሚጠጣው ቡና መፈለጉ አይቀርም። ቡና በሚበቅልበት አገር ይህ ፍላጎት የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ የታሪክ ቤት አጠገብ ለጎብኚ ቡና የሚሸጥበት ሥፍራ ይከፈት ሲባል፣ ከንግድ ፈቃድና ከወንበር ግዥ በፊት መታሰብ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ለእንግዳ የሚበላውና የሚጠጣው ሒሳብ ሳይጠየቅበት በቀረበበት ደጅ፣ ዛሬ ስኒውን በዋጋ ማቅረብ ቤቱን ያስከብረዋል ወይስ ያዋርደዋል የሚለው ነው። እኛ በመስተንግዶና በቅርስ ሥራ የተሰማራን ባልደረቦች ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ታሪኩ መለስ ብለን ማየት ይኖርብናል።

እንደሚታወቀው ጅማ ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር የምትቆጠር ስትሆን፣ መንግሥቷን እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ የመሠረቱት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው ዙፋኑን ወርሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው ከጅማ ጋር ተሳስሮ ኖሯል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ በገፋ ጊዜ፣ የእናታቸውን የገኔ ጉሚቲን ምክር ሰምተው ያለ ጦርነት ገበሩ። በየዓመቱ ግብር እየላኩም የአገራቸውን የውስጥ አስተዳደር ለራሳቸው አቆዩ። በዚህም ምክንያት ሌሎች አገሮች በጦርነት ሲጎዱ የጅማ ገበያ ሳይፈርስ ቀረ።

የጅሬን መስተንግዶ የቆመው በዚሁ ገበያ ላይ ነበር። ከኮረብታው ሥር በሚገኘው በሂርማታ፣ ማለትም የዛሬይቱ ጅማ ከተማ በተመሠረተችበት ሥፍራ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይውል የነበረው ታላቅ ገበያ ከሰሜንም ከደቡብም ነጋዴዎችን ይስብ ነበር። አፍቃላ የሚባሉት የአገሩ ነጋዴዎችና ከሰሜን የሚወርዱት ጀበርቲዎች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማርና አሞሌ ጨው ይለዋወጡበታል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚሁ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ያበለጸገው ሀብት ከዚህ ሁሉ የተውጣጣ ስለሆነ፣ ስለ ጅሬን ክብር የሚናገር ሁሉ ይህንንም አብሮ መናገር ይገባዋል። ንጉሡ ከገበያው ያገኙትን በአዳራሻቸው ለሹማምንትና ለመንገደኛ መልሰው ያበሉ ነበር። ስለሆነም በጅሬን ንግድና መስተንግዶ የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም፤ ንግዱ ከኮረብታው በታች፣ ገበታው ከኮረብታው በላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ቡናም ራሱ በዚህ አገር ከሸቀጥነቱ በፊት የማዕድና የጸሎት ነገር ነበር። የኦሮሞ ሕዝብ «ቡና ቀላ» በሚለው ሥርዓት የቡናውን ፍሬ ከነገለባው በቅቤ አብስሎ፣ መርቆና ተመራርቆ ይካፈለዋል። በሰሜኑ የክርስቲያን አገር ግን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተወግዞ ቆይቷል። ይህ አመለካከት የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መጣራቸው ለለውጡ እንደ ረዳ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። እንግዲህ ዛሬ የመላው ኢትዮጵያ መለያ ሆኖ የሚታየው የቡና ሥርዓት፣ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም፣ እንደ ጅማ ካሉ አገሮች ልማድ ብዙ የወረሰ ነው።

መስተንግዶን በዋጋ የመስጠት ልማድ ወደ አገራችን ሲገባም እንዲሁ ቀላል አልነበረም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የእቴጌ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ፣ ሰው በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርጎ በመቁጠሩ ደንበኛ እንደ ታጣ፣ ከዚህም የተነሣ አጤ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው መጥተው ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ከፍለው እንዳሳዩ ይተረካል። ታሪኩ ለኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት አለው። መክፈል ነውርነቱ የቀረው በስብከት ሳይሆን የተከበረ ሰው በአደባባይ ሲከፍል በመታየቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ደግሞ ሌላ ችግር አስከትሏል። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣልያን ወረራ ጊዜ ጅማ እንደ አዲስ ስትገነባ፣ በየከተማው የማሽን ቡናና የመጠጥ ቤት ልማድ ተስፋፋ። «ቡና ቤት» የሚለው ስምም ከቡናው ይልቅ ቢራና ውስኪ ለሚቀዳበት፣ ሌሊቱን ለሚጨፈርበት ቤት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በመሆኑም በጅሬን ኮረብታ ላይ «ቡና ቤት» የሚል ሰሌዳ ቢሰቀል፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ፊታቸውን ቢያጠቁሩ አይፈረድባቸውም። ስሙን ከመምረጥ ጀምሮ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በውጭ አገር የተሞከረውንም ማየት ይጠቅማል። በስኮትላንድ የሚገኘው የግሌንፊዲክ የውስኪ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 ለጎብኚዎች መቀበያ ሲከፍት ከአገሩ የውስኪ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው ነበር። በአይላ ደሴት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1815 የተመሠረተው የአርድቤግ ፋብሪካ ደግሞ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሥራው ሲቋረጥና ሲቀጠል ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ ባለቤት አግኝቶ ሲነሣ፣ ሥራ ፈትቶ የነበረውን የብቅል ማድረቂያ ቤት ምግብና ሻይ የሚቀርብበት አዳራሽ አደረገው። መጠጡ ለጅሬን ሰፈር የሚስማማ ባይሆንም አሠራሩ ግን ያስተምራል። ዋናው የሥራ ቤት አልተነካም፤ ለመስተንግዶ የተመረጠው አገልግሎቱ ያበቃው ክፍል ነው። ጎብኚውም የሚጠጣው ነገር እንዴት እንደሚሠራ በዚያው አይቶ ይሄዳል።

ይህ ወደ ጅሬን ሲመለስ አራት ነገሮችን ያመለክተናል። አንደኛው የእሳት ነገር ነው። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ቤት ነው፤ ቡና ደግሞ ያለ እሳት አይቆላም፣ አይፈላም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚያው በእቴጌ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ አንድ ታሪካዊ ቤት በአንድ ቀን ምን ሊያጣ እንደሚችል አሳይቶናል። ስለዚህ ከሰሉም ምድጃውም ከዋናው ቤት በሚገባ ርቆ፣ ለብቻው በተሠራ ዳስ ወይም ቤት ውስጥ መሆን አለበት። በሰገነቱ ላይ ቆሞ ስኒ መጨበጥ ለፎቶግራፍ ያማረ ቢሆንም ለቅርሱ የሚበጅ አይደለም።

ሁለተኛው የሥፍራው ክብር ነው። ጅሬን መስጊድ ያለበት፣ ጸሎት የሚደረግበት ሰፈር ነው። አልኮል የማይቀርብበት፣ የሶላት ሰዓት የሚከበርበት ቤት ቢሆን ከአካባቢው ሰው ጋር ተፋቅሮ ይኖራል።

ሦስተኛው ጥቅሙን የሚያገኘው ማን ነው የሚለው ነው። ቡናውን የምትቆላውና የምታፈላው ሴት ሙያተኛ ናትና እንደ ሙያተኛ ልትከፈል ይገባታል፤ ለትርዒት እንደ ተቀመጠች ጌጥ ልትታይ አይገባም። ቡናው ከዙሪያው ገበሬዎች ቢገዛ፣ ከገቢውም የታወቀ ድርሻ ለጣሪያውና ለምሰሶው ጥገና ቢመደብ፣ ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ቢጻፍለት፣ ሒሳቡ እንደ ስጦታ ይቆጠርለታል።

አራተኛው የሚነገረው ቃል ነው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ የሚሰጥ መጠጥ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ማስረዳት ይቻላል። ስለ ንጉሡ ጥበብ ሲነገር በሂርማታ ስለ ተሸጡት ሰዎችም ይነገር። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ የገበሬውን ማሳ በመታ ጊዜ፣ በጅማ አጠገብ በመልኮ ያሉት ተመራማሪዎች ከአገሩ የቡና ዛፎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው ማውጣታቸው ይተረክ። ያን ጊዜ ጎብኚው የጨበጠው ስኒ ስንት እጅ አልፎ እንደ ደረሰው ያውቃል።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው፣ በጅሬን ቡና መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ የጅሬን ገበታ ከጥንትም ከገበያ ተለይቶ አያውቅምና። ጥንት ከታች ያለው ንግድ ከላይ ያለውን እንግዳ ይመግብ ነበር። ዛሬ ንጉሥ የለም፤ ግብርም የለም። ቤቱ ግን ጣሪያው የሚታደስለት፣ ምስጡ የሚጠበቅለት፣ ጠባቂው የሚከፈለው አስተናጋጅ ይፈልጋል። ዳገቱን ወጥቶ የመጣው ጎብኚ ለስኒው ሲከፍል፣ ያን የቆየ አዳራሽ ከሚያቆሙት ሰዎች እንደ አንዱ ይሆናል ማለት ነው። ነውር የሚሆነው ከፍሎ ሲወጣ «እንግዳ ሆንሁ» ማለት ያልቻለ እንደ ሆነ ነው። እንግዳ መሆኑ እንዲሰማው ማድረግ ደግሞ የኛ የሙያተኞቹ ፋንታ ነው።