በጨርጨር ደጋ ዕፅ የፈለጉ ሊቃውንት

ከሚኤሶ ቈላ ተነሥቶ ወደ ጭሮ፥ ይኸውም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ወደ ነበረችው ከተማ የሚወጣ መንገደኛ፥ የግራሩን ቍጥቋጦ ከኋላው ትቶ ወይራና ጽድ ወደሚበቅልበት አገር ይገባል። ሂርና፥ በዴሳ፥ ገለምሶና ቁኒ የሚገኙበት ይህ የጨርጨር ደጋ በሰሜን ወደ አዋሽ፥ በደቡብ ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርደውን ውሃ የሚለይ ነው። በዙሪያው ያለው ቈላ ሞቃትና ደረቅ ስለ ሆነ የደጋው ዕፅ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ተከቦ ይኖራል። ዘሩ ቈላውን ተሻግሮ ከሌላው ደጋ ዘር ጋራ መገናኘት ስለሚቸግረው፥ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ከዘመዶቹ የተለየ መልክ ይዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የዕፅዋት ሊቃውንት ብርቅ የሆነውን ለማግኘት ከተራራ ወደ ተራራ የሚንከራተቱት ስለዚህ ነው።

የእነዚህ ሊቃውንት ሥራ እንዲህ ነው። ቅጠሉን፥ አበባውንና ፍሬውን ከነቅርንጫፉ ቈርጠው በወረቀት መካከል ያደርጉታል፤ ክብደት ጭነው ወረቀቱን እየለወጡ ያደርቁታል፤ ያገኙበትን አገርና ቀን ጽፈው በዕፅዋት ቤት ያኖሩታል። ዕፁ አዲስ ሆኖ ስም ሲወጣለት ያ የደረቀ ቅርንጫፍ ለስሙ ምስክር ይሆናል። ኋላ የሚነሣ ሊቅ በስሙ ቢጠራጠር ወደ ምስክሩ ሄዶ ያስተያያል።

በአገራችን ይህ ሥራ አስቀድሞ የሰፋው በሰሜን ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የጀርመኑ ተወላጅ ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ትግራይ ገብቶ፥ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በእንጢጮ ተሹሞ፥ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ከዕፅዋት ፍለጋ አልራቀም። ፈረንሳውያኑ ካርቲን ዲዮንና ፔቲ ግን ዕድሜ አላገኙም። የፊተኛው በ1840 በመረብ ቈላ በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛውን በ1843 በዐባይ ወንዝ አዞ ወሰደው። የለቀሙት ግን ፓሪስ ደርሶ ሪሻር የሚባለው ሊቅ ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ ገባ። ሺምፐርም ከአንዱ ዕፅ ብዙ ቅርንጫፍ ይቈርጥ ስለ ነበረ፥ እርሱን የላከው የኤስሊንገን ማኅበር ቅርንጫፎቹን ለብዙ አገር የዕፅዋት ቤቶች አከፋፈለው።

ወደ ሐረርጌ ደጋ የዕፅዋት ሊቃውንት የደረሱት ዘግይተው ነው። እንግሊዛዊው በርተን በ1855 ሐረር እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ለአውሮፓ ሰው የተዘጋች ነበረች፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን የያዙትም በ1887 ነው። በ1900 ኤርላንገርና ኖይማን የሚባሉ ጀርመናውያን ከዘይላ ተነሥተው በሐረር አድርገው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፥ ኤለንቤክ የሚባለው ሐኪማቸው በየመንገዱ ዕፅ ይለቅም ነበረ። የለቀመው ወደ በርሊን ተልኮ ብዙ አዲስ ነገር ተገኘበት፤ በእርሱም ስም የተጠሩ ዕፅዋት አሉ።

ነገር ግን በ1943 በመጋቢት ወር መጀመሪያ ሌሊት የበርሊን የዕፅዋት ቤት በጦርነቱ ቦምብ ተቃጠለ። ከተከማቸው የተረፈው ጥቂት ሲሆን፥ ኤለንቤክ ከለቀማቸውም ዕፅዋት ብዙዎቹ ምስክራቸው ዐመድ ሆነ። ስሙ በመጽሐፍ ተጽፎ ቀረ፤ ስሙ የተሰጠው ዕፅ ግን የትኛው እንደ ሆነ የሚያሳይ ጠፋ። በብዙ ቤት የተበተነው የሺምፐር ለቀማ ከዚህ ጉዳት በብዙ ዳነ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ብራና ሲቃጠል ንባቡ አብሮ እንዲጠፋ፥ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ደብር ያለው ግን እንዲተርፍ፥ የዕፅም ነገር እንዲሁ ሆነ።

ለዕፅ ግን ከብራና የሚሻል አንድ ተስፋ አለው። ምስክሩ ቢቃጠል ሊቃውንት ወደ ተገኘበት ተራራ ተመልሰው ያንኑ ዕፅ ፈልገው ሌላ ምስክር ሊያቆሙለት ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ ለሐረርጌ የተደከመው ድካም ስለዚህ ዋጋው ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ጊሌት ከድንበር ከላዮች ጋራ መጥቶ በ1932 እና በ1933 የለቀመውን መርምሮ ስለ ሐረር አውራጃ ዕፅዋት በ1941 ጽፎ አሳተመ። አሜሪካዊው በርገር ከ1961 እስከ 1965 በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲያስተምር የለቀመውንና የተማረውን በ1967 በመጽሐፍ አወጣ። ከ1980 ጀምሮም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ኡፕሳላ ሊቃውንት ተባብረው፥ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፥ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎችም ደክመውበት፥ ስድስት ሺሕ ያህል ዕፅ የተመዘገበበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ2009 ተፈጸመ። በዚያ መጽሐፍ ሐረርጌ የራሷ ክፍል አላት።

እንግዲህ ምስክር ሊታደስ የሚችለው ተራራው ዕፁን ጠብቆ ከቈየ ብቻ ነው። የጨርጨር ደጋ ግን ለበቈሎ፥ ለቡናና ለጫት እየተመነጠረ ሄዷል፤ በድንድን እንዳለው ያለ የቀረ ደን ጥቂት ነው። የአሰቦት ገዳም በተራራው ላይ ብዙ ዘመን የጠበቀው የጽድና የወይራ ደንም በ2012 በእሳት ተጐድቷል። የበርሊኑ እሳት ቅጂውን አቃጠለ፤ የተራራው እሳት ግን እናት መጽሐፉን ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገለበጥ የለም።

ስም የሚያውቀውም ሰው ሊታሰብ ይገባዋል። ወይራን ኤጀርሳ፥ ዝግባን ቢርቢርሳ፥ ኮሶን ሄቶ ብሎ የሚጠራው የጨርጨር ኦሮሞ፥ ለየትኛው ሕመም የትኛው ቅጠል እንዲበጅ ከአባቱ ተምሯል። ለእንግዳው ሊቅ መንገድ የመራው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ሲሆን፥ ለዕፁ በላቲን የሚወጣው ስም ግን የእንግዳው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጭሮና በገለምሶ የሚያስተምሩ መምህራን፥ ደቀ መዛሙርቶቻቸው ከሽማግሌዎች ስሙንና ጥቅሙን ጠይቀው እንዲጽፉ፥ ቅርንጫፉንም አድርቀው አንዱን ወደ ሐረማያ፥ አንዱን ወደ አዲስ አበባ እንዲልኩ ቢያደርጉ፥ ወጪው የወረቀት ዋጋ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዕፁ በበቀለበት ተራራ ላይ እንዲቈይ ማድረግ ይገባል።