ማሳዳ በውሃ ሲለካ

የማሳዳን አምባ በእግሩ ሊወጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው ውሃ ነው። ለፋሲካ ዕረፍት የእህቴን ልጆች ይዤ ልወጣ ነው፤ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሊትር መድቤላቸዋለሁ። እናታቸው «አጎታችሁ ያበዛዋል» ትላለች። ከሙት ባሕር በኩል የሚነሳው የእባብ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን 350 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፣ ጥላም የለው። ሙቀት በሚበረታበት ቀን ጠዋቱ ሳይገፋ ይዘጋል። ስለዚህ ከቤርሼባ በሌሊት ተነስተን ጎህ ሳይቀድ ከሥሩ መድረስ አለብን። በዓራድ በኩል ያለው የምዕራቡ አቀበት ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ነገር ግን የሮማ ወታደር አምባውን ለመስበር የደለደለው መንገድ ነውና እሱን ይዞ መውጣት ቅር ይለኛል።

አስጎብኚዎች አናቱ ላይ ሲደርሱ የሚያወሩት የመጨረሻዋን ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ66 በሮም ላይ የተነሡ የአይሁድ ዓማፅያን አምባውን ያዙ፤ በ73 ወይም በ74 የፍላቪየስ ሲልቫ አሥረኛ ሌጌዎን ግንቡን ሲሰብር፣ የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ እንደጻፈው 960 ሰዎች በገዛ እጃቸው ሞተው አገኘ። ታሪኩ ለእኔ እንግዳ አይደለም። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕልም በሰሜን ተራሮች ከቤተ እስራኤል ጋር ስለተደረገው ጦርነት ሲተርክ፣ ከመማረክ ገደል መግባትን የመረጡ ሴቶችን ያነሳል። እኔ ግን ልጆቹን የማሳያቸው ሰው እዚያ ደረቅ አናት ላይ እንዴት እንደኖረ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ40 ዓመት ሄሮድስ ቤተሰቡን ማሳዳ ላይ ትቶ ወደ ሮም ሸሸ። ጠላት ከበባቸው፣ ውሃ አለቀባቸው። ወንድሙ 200 ሰው ይዞ ሰብሮ ሊወጣ ሲያስብ በዚያው ሌሊት ዝናብ ወርዶ ጉድጓዶቹ ሞሉ። ሄሮድስ ይህንን የረሳ አይመስለኝም። ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱን በሰሜኑ ገደል ላይ በሦስት እርከን አሠራ፤ ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው። የሚደንቀው ሥራ ግን ከዚያ በስተ ምዕራብ፣ ተዳፋቱ ላይ እንደ ጥቁር መስኮት የተደረደረው ነው።

ማሳዳ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው። ውሃው የሚመጣው ከምዕራብ ተራሮች ነው፤ ጎርፉ በአምባው ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ሸለቆዎች ለሰዓታት አጓርቶ ሙት ባሕር ይገባል። የሄሮድስ ሰዎች ሸለቆዎቹን ገደቡ፤ ጎርፉን በቦይ መልሰው ዓለት ተፈልፍሎ በተሠሩ 12 ጉድጓዶች ውስጥ አጠራቀሙት። ከላይና ከታች በሁለት ረድፍ የተሠሩ ናቸው። በኖራ ተለስነው በጠቅላላ 40 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ይይዛሉ። እስከዚህ ድረስ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጀርባ ሥራ ነው፤ ሰውና አህያ በቀጭን መንገድ ተሸክመው ወደ አናቱ ጉድጓዶች ያወጡታል። ንጉሡ በበረሃ መሀል በሙቅ ውሃ የሚታጠበው፣ ገንዳ ውስጥም የሚዋኘው በዚህ ነው። የተሸካሚዎቹን ስም የጻፈ የለም። እናቴ ጎንደር ሳለች በእንስራ ውሃ ስትቀዳ ያደገች ናትና ይህን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በቀን ስንት ምልልስ?»

ዓማፅያኑም ውሃውን ወረሱ። አርኪዮሎጂስቱ ይጋኤል ያዲን ከ1963 እስከ 1965 ሲቆፍር መጥመቂያ ገንዳ፣ ሚቅዌ፣ አገኘ። ወሬውን የሰሙ ሕጉን የሚያውቁ አዛውንት ረቢዎች በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ከባድ ልብሳቸው ወጥተው ሌላውን ሁሉ ትተው ገንዳውን በሜትር ለኩ፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ልክ ያሟላል ብለው ፈረዱ። ለመንጻት ብለን መንደራችንን ወንዝ ዳር ስንሠራ ለኖርነው ለእኛ ለቤተ እስራኤል፣ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ይህች ገንዳ ትቀርበናለች። የሮማውያኑም ጭንቀት ያው ውሃ ነበር። ስምንቱ ሰፈሮቻቸው ዛሬም ከላይ ሲታዩ ቁልጭ ያሉ ናቸው፤ የሚጠጡትን ከሩቅ የሚያመላልሱት አይሁድ ምርኮኞች እንደነበሩ ዮሴፉስ ጽፏል።

ገጣሚው ይስሐቅ ላምዳን ስለ ማሳዳ የጻፈው ግጥም በ1927 ከታተመ በኋላ ማሳዳ የወጣቶች መሳለሚያ ሆነ። ሽማርያሁ ጉትማን በ1942 የወጣት ማኅበራት መሪዎችን እዚያ ወስዶ አሠለጠነ። በዚያ ዘመን በረሃ ለበረሃ ሲጓዙ ጥምን መቻል እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር፤ «የውሃ ዲሲፕሊን» ይሉታል። ሞኝነት ነው። የእስራኤል ጦር ራሱ ኋላ ተወው፤ እኔ ወታደር በነበርኩበት ጊዜ አዛዡ ኮዳችንን ገልብጠን ባዶ መሆኑን እንድናሳየው ያዘን ነበር።

ከዚያች ከዓማፅያኑ የመጨረሻ ሌሊት የተረፉት ሁለት ሴቶችና አምስት ልጆች ናቸው። የተደበቁት ከመሬት በታች ባለ የውሃ መተላለፊያ ውስጥ ነበር። ዮሴፉስ እንዳለው የሆነውን ሁሉ ለሮማውያን የተናገሩት እነሱ ናቸው። አስጎብኚው የሚያወራው ታሪክ በሙሉ ከውሃ ቦይ የወጣ ነው ማለት ነው።

ዛሬ አናቱ ላይ የቧንቧ ውሃ አለ፤ ልጆቹ ኮዳቸውን እዚያ ይሞላሉ። ስለ መውረዱ ግን ገና አልተስማማንም። እኔ በእግር እላለሁ፤ እህቴ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ ኬብል ካር እያለ የልጆቿን ጉልበት ማድከም ምን ይባላል ባይ ናት።