የፒቱታሪ ዕጢ ምርመራ ታሪክ

ከአንጎል ሥር የምትገኘው አተር የምታክለው ፒቱታሪ፣ ማለትም እድገትን የሚመራ ሆርሞን አመንጪዋ አካል፣ በአፍላ ዕድሜ ዕጢ ሲወጣባት፣ ሕመሙ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው ከልክ ባለፈ ቁመት ብቻ ነበር። 2.3 ሜትር ያህል ይረዝም የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1783 በ22 ዓመቱ ለንደን ውስጥ የሞተው አየርላንዳዊው ቻርልስ በርን፣ በሕይወት ሳለ ሰው እየከፈለ ያየው ነበር፤ አስከሬኑ ባሕር ውስጥ እንዲቀበር ቢመኝም ቀዶ ጠጋኙ ጆን ሀንተር አጽሙን ለስብስቡ አደረገው፤ ይህም ሳይንስ ባገኘው ጥቅም የማይሻር በደል ነው። በ1909 ሃርቪ ኩሺንግና አርተር ኪዝ የራስ ቅሉን ከፍተው ፒቱታሪ የምታርፍበት የአጥንት ጎድጓዳ ሰፍቶ አገኙት፤ በ2011 ደግሞ ከጥርሱ በተወሰደ ዲኤንኤ ውስጥ ኤአይፒ በተባለው ዘረ መል ላይ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ታየ።

በሕይወት ባለ ልጅ ደም ውስጥ የእድገት ሆርሞንን መለካት የተቻለው ግን ሮዛሊን ያሎና ሰሎሞን በርሰን በ1950ዎቹ ሬዲዮኢሚውኖአሴይን፣ ማለትም በጨረር አመንጪ ምልክት እጅግ ጥቂት ሆርሞንን ከደም የሚለካውን ዘዴ፣ ከፈለሰፉ በኋላ ነው። ታማሚው የስኳር ውሃ ጠጥቶ ደሙ በየተወሰነ ጊዜ ሲቀዳ፣ በጤነኛ አዋቂ የእድገት ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ዕጢ ባለበት ግን ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ይሁንና በጉርምስና ላይ ያለ ጤነኛ ረጅም ልጅም አንዳንዴ እንዲሁ ስለሚያሳይ፣ ሐኪሙ ውጤቱን ከእድገት ሰንጠረዡና ከኤምአርአይ ምስሉ ጋር አብሮ ያነባል።