ዜና ኒና ሲሞን

በ1925 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ3ኛው ዓመት፣ የካቲት 14 ቀን፣ በአሜሪካ አገር፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ትራዮን በምትባል በተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። ስምዋንም ዩኒስ ካትሊን ዌይሞን አሏት። ለወላጆችዋ ከ8 ልጆች 6ኛዋ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ 1933 ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ነገሩ ሁሉ የሚሆነው በእነርሱ አገር ነውና ዘመኑንም በእነርሱ እንቆጥራለን።

እናትዋ ሜሪ ኬት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበረች፤ እሑድ ትሰብካለች፣ በሥራ ቀን የነጮች ቤት ታጸዳለች። ልጅቱም ገና እግርዋ ከወንበሩ ወለል ሳይደርስ ፒያኖ መታች፤ በእናትዋም ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ታጅብ ጀመር። እናትዋ ትሠራላት የነበረችው ነጭ ወይዘሮ ይህን ባወቀች ጊዜ የአንድ ዓመት የትምህርት ዋጋ ከፈለችላት። መምህርትዋ ሙሪየል ማዛኖቪች የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ልጅቱ በየቅዳሜው የባቡሩን ሐዲድ ተሻግራ ወደ ነጮቹ ሰፈር ትሄዳለች፤ በዚያም ሴትዮዋ የባኽን ሙዚቃ አስተማረቻት። አንድ ዓመቱ ባለቀ ጊዜ መምህርትዋ ከከተማው ሰው ገንዘብ አሰባሰበችላት፤ ጥቁሩም ነጩም አዋጣ። የትራዮን ሰዎች የመጀመሪያዋን ጥቁር የፒያኖ ሊቅ እናሳድጋለን ብለው ተነሥተው ነበርና።

በዚያም ወራት ልጅቱ ያዋጡላትን ሰዎች ታመሰግን ዘንድ በአንድ አዳራሽ ፒያኖ እንድትመታ ተደረገ። አባትና እናትዋ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ነጭ ባልና ሚስት መጡና ቦታው ለእነርሱ ይለቀቅ ተባለ፤ ወላጆችዋም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ልጅቱ ከፒያኖው ዘንድ ሆና ይህን አየች። እጅዋን አነሣችና፣ አባቴና እናቴ ወደ ነበሩበት ካልተመለሱ አልጫወትም አለች። ከነጮቹ አንዳንዶቹ ሣቁ፣ አንዳንዶቹም ደነገጡ፤ ነገር ግን ሁለቱ ወደ ፊት ተመለሱ፤ እርስዋም ተጫወተች። ከዚያ ቀን በኋላ ቆዳዬ እንደ ተገፈፈ ሆነ ብላ በሸመገለች ጊዜ ተናግራለች። የዚህች ሴት ዜና ከዚህ ቀን ይጀምራል ብንል አንሳሳትም፤ በኋላ በታላላቅ አዳራሾች ያደረገችው ሁሉ ማን የት ተቀምጦ እንዴት እንደሚያዳምጣት ማዘዝ ነበርና።

ከዚህ በኋላ በአሽቪል ከተማ በአለን የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተምራ በ1950 አንደኛ ሆና ጨረሰች። ቀጥሎም ኒው ዮርክ ወርዳ በጁሊያርድ የካርል ፍሪድበርግ ደቀ መዝሙር ሆነች። ይህ ፍሪድበርግ በወጣትነቱ ከክላራ ሹማን እግር ሥር የተማረ ሽማግሌ ነው። ልብዋ ግን በፊላዴልፊያ ካለው ከከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ነበረ፤ እዚያ የሚገባ ተማሪ ክፍያ የለበትም። ቤተ ሰብዋም ትገባለች ብሎ ቤቱን ነቅሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። በ1951 ተፈተነች፤ አልተቀበልንሽም ተባለች።

ስለዚህ ነገር ሁለት ወገን አለ። እርስዋ እስከ ዕለተ ሞትዋ ድረስ የከለከለኝ ቆዳዬ ነው ብላለች። ለተቋሙ የሚከራከሩት ደግሞ በዚያ ዓመት ከ72 ተፈታኞች የገቡት 3 ብቻ ናቸው ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የሚያስረዳው ብዙ ሰው እንደ ወደቀ ነው እንጂ እርስዋ ለምን እንደ ወደቀች አይደለም። እርስዋም ተስፋ ሳትቆርጥ ከተቋሙ መምህራን አንዱን ቭላዲሚር ሶኮሎፍን በግልዋ እየከፈለች ትማር ጀመር፤ ለዚያም ገንዘብ አስፈለጋት።

በ1954 በበጋቸው ወራት አትላንቲክ ሲቲ ወደ ተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሄዳ ሚድታውን በሚባል ቡና ቤት ለሳምንት 90 ዶላር ተቀጠረች። ለታላቅ የኮንሰርት አዳራሽ የሚለበስ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ሰካራሞቹ ውስኪ ሲያዙ እርስዋ ወተት አዘዘች። ሌሊቱን ሁሉ ዓይንዋን ጨፍና ባኽን ከመዝሙር፣ መዝሙሩንም ከሰሞኑ ዘፈን ጋር እየቀላቀለች መታች። የቤቱ ባለቤት በማግሥቱ፣ ፒያኖሽ መልካም ነው፣ ግን ለምን አትዘፍኝም? አላት። ዘፋኝ አይደለሁም ብትለው፣ እንግዲያው ዘፋኝ ሁኚ፣ አለዚያ ሥራው የለም አላት። ዓለም ያን ድምፅ ያገኘው እንዲህ በአንድ ቡና ቤት ባለቤት ትእዛዝ ነው። ድምፅዋም ከሴት ድምፅ ወፍራም፣ ሲፈልግ የሚሻክር ነው፤ በፒያኖው ላይ እንደ ሌላ እጅ አድርጋ ሠራችበት። ሰባኪዋ እናትዋ ልጅዋ በመጠጥ ቤት እንደምትጫወት እንዳታውቅ ስምዋን ለወጠች። ኒና ወዳጅዋ ሲያቆላምጣት የሚጠራት ነው፤ ሲሞን ደግሞ ከፈረንሳይዋ የፊልም ተዋናይ ከሲሞን ሲኞሬ የተወሰደ ነው።

ወሬዋም ወጣ፤ የሚያወራ ሰካራም ይባረር ነበርና ወጣቶች ለመስማት ብቻ ይመጡ ጀመር። ቤተልሔም የሚባል የሸክላ ኩባንያ ጠርቶ የመጀመሪያ አልበምዋን ቀረጸ። በዚያ ሸክላ ላይ ፍቅር አለዚያም ስንብት የሚጠይቅ አሮጌ ዘፈን አለ፤ መሐሉ ሲደርስ ዘፈኑን ትታ ቀኝ እጅዋ አንድ የዜማ ሐረግ ይጀምራል፣ ግራው ያንን ይዞ ይከተላል፣ ሁለቱ ይሳደዳሉ። ከርቲስ ያልተቀበለው ባኽ ነው፤ ከሥሩ ከበሮው የጃዝ ምት እየመታ። ከዚሁ አልበም የጌርሽዊን የፖርጊ ዘፈን በ1959 በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ 20 ዘፈኖች ገባ። እርስዋ ግን የሸክላውን መብት በ3,000 ዶላር ሸጣ ነበር። ይህ ፊርማ ምን እንዳስከፈላት ወደ ኋላ እናየዋለን።

በ1961 በኒው ዮርክ የፖሊስ መርማሪ የነበረውን አንድሩ ስትራውድን አገባች፤ በዓመቱም ሊዛን ወለደች። ስትራውድ ፖሊስነቱን ትቶ ሥራዋን ይመራ ጀመር፤ አዳራሹን፣ ውሉን፣ ገንዘቡን እርሱ ያዘ፤ ሥራዋም በእርሱ እጅ ከፍ አለ። ይመታትም ነበር፤ ይህን እርስዋው ተናግራለች፣ ልጅዋም መስክራለች።

በ1963 ሚያዝያ 12 ቀን በካርኔጊ አዳራሽ ተጫወተች። በዚያው ቀን የጥቁሮች መብት መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ በበርሚንግሃም ታሰረ። ወዳጅዋ ጸሐፌ ተውኔት ሎሬይን ሃንስቤሪ ስልክ ደውላ፣ ኪንግ ታስሮ ሳለ አንቺ ለወገንሽ ምን እያደረግሽ ነው? አለቻት እንጂ ስለ ኮንሰርቱ አላነሣችም። በሰኔም ሌላው የጥቁሮች መብት ታጋይ ሜድጋር ኤቨርስ በሚሲሲፒ በገዛ ደጁ ተገደለ። መስከረም 15 ቀን እሑድ፣ እኛ ዘንድ አዲሱ ዘመን በገባ በ4ኛው ቀን፣ በበርሚንግሃም በ16ኛው ጎዳና ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ ለሰንበት ትምህርት የመጡ 4 ልጃገረዶች ሞቱ።

ኒና ይህን በሰማች ጊዜ ከቤት ዕቃ መካከል ብረታ ብረት ለቅማ ጠመንጃ ልትሠራ ተቀመጠች። ባልዋ ገብቶ አያትና፣ አንቺ መግደል አታውቂም፣ ያለሽ ሙዚቃ ነው አላት። ፒያኖው ዘንድ ሄደች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሚሲሲፒን በስምዋ ጠርቶ የሚራገም ዘፈን ይዛ ተነሣች። በ1964 መጋቢት በካርኔጊ አዳራሽ ስትዘፍነው ተቀርጿል። ዜማው የደስታ ቤት ዜማ ነው፣ ፈጣን፣ የሚያስጨበጭብ፤ እርስዋም የትያትር ዘፈን ነው፣ ትያትሩ ግን ገና አልተጻፈም ትላቸዋለች። ሕዝቡ ይሥቃል። ጥቂት ቆይቶም ይሥቃል። ከዚያ እየፈጠነች ስትሄድ ሣቁ ይጠፋል፤ የሚሰማው ፒያኖውና እርስዋ ብቻ ናቸው። ሸክላው በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ታገደ፤ ከደቡብ ካሮላይና አንድ ነጋዴ የተላከለትን ሣጥን ሙሉ ሸክላ እያንዳንዱን ከሁለት ሰብሮ መልሶ ላከ።

በ1965 መጋቢት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሰልፈኞች ከሰልማ ተነሥተው ወደ ሞንትጎመሪ ሲሄዱ በመጨረሻው ሌሊት በቅዱስ ይሁዳ ግቢ ዐረፉ። መድረክ አልነበረም፤ የሬሳ ሣጥን ከቀብር አስፈጻሚዎች ተውሰው ደርድረው በላዩ ሳንቃ አነጠፉ። ኒና በዚያ ላይ ቆማ ያንኑ የእርግማን ዘፈን ዘፈነች። ከኪንግ ጋር ባስተዋወቋት ጊዜም ገና ሰላም ሳይላት፣ እኔ እንዳንተ በጉልበት አልመታም የምል አይደለሁም ብላ ነገረችው ይባላል፤ እርሱም ግድ የለም እህቴ ብሎ አረጋጋት። ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ተገደለ። በ3ኛው ቀን ኒና ዌስትበሪ በሚባል አዳራሽ ቀጠሮ ነበራት፤ አልሰረዘችም። የባስ ጊታር ተጫዋችዋ ጂን ቴይለር ለሟቹ ያወጣውን አዲስ ሙሾ ባንዱ በዚያው አጥንቶ ወጣ፤ እርስዋም መሐል ላይ ዘፈኑን ትታ ከሕዝቡ ጋር እየተነጋገረች፣ ዕንባዋን እየዋጠች፣ ከ10 ደቂቃ በላይ አለቀሰችው። የእኛ አልቃሽ ብትሰማት ሥራዋን ታውቅላት ነበር።

ሎሬይን ሃንስቤሪ በ34 ዓመትዋ በካንሰር ሞታ ነበር። ኒና ለእርስዋ መታሰቢያ ከዌልደን ኧርቪን ጋር ሆና ወጣት፣ ባለ ተሰጥኦና ጥቁር ስለ መሆን የሚናገረውን ዘፈን ሠራች፤ በ1969ም በሃርለም ለተሰበሰበ ሕዝብ ዘፈነችው። ከእርስዋ በኋላ አሪታ ፍራንክሊንም ዶኒ ሃታዌይም አነሡት። በ1967 የወጣ አልበምዋ የሶል ካህኒት ብሎ ሰይሟት ስለ ነበር ስሙ አብሯት ቀረ። ጃዝ ዘፋኝ ሲሏት ግን ትቆጣለች፤ የኔ የጥቁር ክላሲካል ሙዚቃ ነው ትል ነበር።

በ1970 ቀለበትዋን አውልቃ ትታ ወደ ባርባዶስ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የስደት ዘመን ነው። የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ያልከፈለችው ግብር ዕዳ ሆኖ ያሳድዳት ነበር። በ1974 ሚርያም ማኬባ ጠርታት ወደ ላይቤሪያ ሄደች። ይህች ማኬባ በ1963 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ድርጅታቸውን ሲመሠርቱ የዘፈነችላቸው ናት። ኒናም በሞንሮቪያ ደስ ብሏት ተቀመጠች፤ ቀጥላም ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረች።

በ1976 በሞንትሮ የጃዝ በዓል ላይ የታየችውን ሥዕለ ድምፁ አስቀርቶልናል። ትወጣለች፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እጅዋን በፒያኖው ላይ አድርጋ ቆማ ዝም ብላ ታያቸዋለች፣ እስኪጨንቃቸው ድረስ። ስለ ዝነኞች የሚያወራውን ዘፈን ስትጀምር አንዲት ሴት ከወንበርዋ ትነሣለች። ኒና ታቆማለች። በጣትዋ እየጠቆመች ተቀመጪ ትላለች፣ አሁንም ተቀመጪ ትላለች። ሴቲቱም ትቀመጣለች፤ ዘፈኑ ከቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህን የዕብደት ምልክት አድርጎ ያያል። እኛ ግን የዚያችን ሕፃን አዳራሽ ጽፈናልና እንደዚያ አንፈርድም። በእርግጥ በሽታም ነበረባት፤ በሰማኒያዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድ ሳለች ሐኪሞች ስሙን ነገሯት፣ መድኃኒትም ጀመረች።

በ1987 ሻኔል ቁጥር 5 ሽቶውን ሲያስተዋውቅ ያን የመጀመሪያ ሸክላ ማሟያ የነበረውን ቀላል የፍቅር ዘፈን አሰማ፤ ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር 5ኛ ሆነ። ዓለም ሁሉ በዘፈነው ጊዜ 3,000 ዶላሩ ካለቀ 30 ዓመት ሊሞላው ነበር። ዘፈኑ አዲስ ትውልድ አመጣላት፤ ገንዘቡን ግን በጠበቃ ስትከራከርበት ኖረች።

ኑሮዋን በደቡብ ፈረንሳይ አደረገች። በ1995 የጎረቤት ልጆች ጫጫታ አስቸገረኝ ብላ ተኩሳ አንዱን ልጅ አቆሰለች፤ ፍርድ ቤትም ፈረደባት። ይህን የጻፍነው ዜና መዋዕል ክፉውን ሲሰውር ውዳሴ ብቻ ስለሚሆን ነው።

ሚያዝያ 21 ቀን 2003፣ በፈረንጆች የትንሣኤ ማግሥት፣ በእኛ የሕማማት ሰኞ፣ ካሪ ለ ሩዌ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በ70 ዓመትዋ ዐረፈች። ሁለት ቀን ሲቀራት ከርቲስ የክብር ዲግሪ ሰጥቷት ነበር፤ ከ52 ዓመት በኋላ። ማኬባ በቀብርዋ ተገኘች። አመድዋንም በኑዛዜዋ መሠረት በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች በተኑት።

የትራዮኑ ቤትዋ ባለ 3 ክፍል የሳንቃ ቤት ነው፤ ዘምሞ፣ ባዶውን ቀርቶ፣ ለገበያ ወጣ። በ2017 አራት ሠዓሊዎች ገንዘብ አዋጥተው በ95,000 ዶላር ገዙት፤ እነርሱም አዳም ፔንድልተን፣ ራሺድ ጆንሰን፣ ኤለን ጋላገር፣ አራተኛዋም በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ናቸው። በዓመቱ ብሔራዊው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ቤቱን ከአገሩ ቅርሶች ጋር መዘገበው፤ ለእድሳቱም ገንዘብ መሰብሰብ ተጀመረ።